የሳቬሪያ ጣሊያንኛ

ሳቬሪያ ጣሊያን አገር ተወልዳ፣ ጣሊያን አገር ተድራ፣ ጣሊያን አገር ባሏን ቀብራ ጣሊያንኛ አትችልም ነበር። የሰማ ይስቃል። ይሳቅ፤ በካላብሪያ ተራሮች ላይ፣ ፔትራሮሳ በምትባል መንደር፣ ያን ጊዜ ማን ይችል ነበርና ነው? ቄሱ ይችላሉ፤ የፖስታ ቤቱ ጸሐፊ ይችላል፤ ፖሊሶቹ ይችላሉ፣ ያውም ሰው ሲያስሩ ነው የሚናገሩት። ሌላው ሕዝብ የሚያወራው ከእናቱ ጡት ጋር የጠባውን የመንደሩን ንግግር ነው። እሱን የሰሜን ሰው ቢሰማው ፍየሎች ተጣሉ ይላል እንጂ ሰው አወራ አይልም።

እሷም ብትሆን ጣሊያንኛ አለማወቋ ቸግሯት አያውቅም። የምትለቅመው ወይራ ቋንቋ አይጠይቃትም፤ ዶሮዎቿም የሚገባቸው በመንደሩ ንግግር ሲሰደቡ ነው። ችግሩ የመጣው አንድ ልጇ ብሩኖ ወደ ሰሜን ሄዶ፣ ቶሪኖ ከተማ መኪና ፋብሪካ ገብቶ፣ ፒዬራ የምትባል የዚያው አገር ልጅ ካገባ በኋላ ነው። ሴት ልጅ ወለዱ። በካላብሪያ ወግ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወስዳለችና ሕፃኗም ሳቬሪያ ተባለች። ቶሪኖ ላይ ስሙ ስለረዘመባቸው ቆረጡና ቬራ አሏት።

ለክርስትናው ሳቬሪያ በባቡር ሄደች። ሕፃኗን አቅፋ ግንባሯን ሳመች። በአገሯ ሕፃን አይቶ፣ አድንቆ፣ ሳይመርቁ ዝም ማለት ለሰው ዓይን አሳልፎ እንደመስጠት ነው። ስለዚህ በምታውቀው በመንደሩ ንግግር፣ “አምላክ ይባርክሽ፤ ከእኔ ዕድሜ ቀንሶ ላንቺ ይጨምርልሽ” አለቻት። በዙሪያዋ የነበሩት የቶሪኖ ሴቶች ተያዩ። አንዷ ምን አለች ብላ ብሩኖን ጠየቀችው። ብሩኖ እስከ ጆሮው ቀልቶ አንድ ነገር መለሰላት። ሴትየዋ ወዲያው ሮጣ ወንበር አመጣች።

ለካ “ደክሟት ነው” ብሏት ኖሯል። ሳቬሪያ መርቃ ወንበር ተሰጣት። ተቀመጠችበት፤ ምን ታድርግ? ልጇን አልተቀየመችውም፤ ያፈረው በእሷ ይሁን በራሱ እንኳ ለይታ አላወቀችም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ሐሳብ ሆዷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አላት። ይቺ ስሜን የያዘች ልጅ አንድ ቃሌን እንኳ ሳትሰማ ታድጋለች ማለት ነው።

ቬራ ስድስት ዓመት ሊሞላት ሲል ብሩኖ ጻፈ። ለሚመጣው ነሐሴ፣ ለፍልሰታ በዓል፣ ሦስታችንም እንመጣለን አለ። ቄሱ ደብዳቤውን አንብበው ሳይጨርሱ ሳቬሪያ ወስና ነበር። በዚያ ዓመት መንግሥት በየመንደሩ ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ከፍቶ ነበርና በማግስቱ ሄዳ ተመዘገበች።

“ጣሊያንኛ ልማር ነው” አለቻት ለቪታ። ቪታ ጎረቤቷ ናት፤ ብሩኖን ክርስትና ያነሳችውም እሷ ስለሆነች አበልጆች ናቸው። በዚያ ላይ አፏ ምላጭ ነው።

“በዚህ ዕድሜሽ? ጥርስሽ ሊያልቅ ስንት ቀረው?”

“በጥርስ ነው እንዴ የሚነገረው?”

“አዎና! ሰሜኖቹ በጥርሳቸው ነው የሚያወሩት። ከንፈራቸው ሲከፈት አይተሻል?”

“እንግዲያው በቀሩት እማራለሁ። ብቻ አበልጄ ሙች፣ ለብሩኖ እንዳይሰማ። ድንገት ነው የማስደነግጣቸው።”

ትምህርቱ የሚሰጠው በሕፃናቱ ክፍል፣ በሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ነበር። ጉልበታቸው አልታጠፍ ያለ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ጎናቸውን ወደ ሰሌዳው አድርገው ይቀመጣሉ። ተማሪ ሁሉ ለምድጃው አንድ እንጨት ይዞ ይመጣል፤ እንጨቱ ደግሞ እርጥብ ነውና ብርዱን ሙሉ የተማሩት ጭስ እየጠጡ ነው። አስተማሪዋ መምህርት ኢዳ ገና ወጣት ናት፤ ከባሕሩ ዳርቻ ከተማ ተመድባ የመጣች፣ ትዕግሥቷ የማያልቅ። ሳቬሪያ በመጀመሪያ የሰማችው ጫጫታ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከጫጫታው ውስጥ አንዳንድ ቃል ብቅ እያለ ይጠልቅ ጀመር። እየቆየ ብቅ ያለው መጥለቁን ተወ።

ጫማ ሰፊው ኮላ ባይኖር ግን ትምህርቱ እንዲህ ባልጣመ። መምህርት ኢዳ ጣሊያንኛ ሰውን ሲያከብር፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ “እሷ” ይላል ብላ ስታስረዳ ኮላ ተነስቶ ቆመ።

“እኔን እሷ ብሎ የሚጠራኝ ሰው ጫማውን ከእኔ ዘንድ እንዳያሠራ!”

“አያ ኮላ፣ አክብሮት እኮ ነው።”

“ይቅርብኝ። ሚስቴ እንኳ ስትቆጣ እንዲህ አላለችኝም።”

ከሁሉ የከበዳቸው የወደፊቱ ግስ ነበር። የመንደሩ ንግግር ለወደፊት የሚሆን ግስ የለውም። ዛሬ የሚሄድም እሄዳለሁ ይላል፣ ነገ የሚሄድም እሄዳለሁ ይላል፤ ነገ የምትለዋን ቃል ጣል ማድረግ ነው። ጣሊያንኛ ግን ለነገ ለብቻው የተሰፋ ልብስ አለው። መምህርት ኢዳ ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ ማንጄሬሞ፣ ወደፊት እንበላለን፤ ፓርሌሬሞ፣ ወደፊት እናወራለን፤ ፓርቲሬሞ፣ ወደፊት እንሄዳለን። ሁሉም ጫፋቸው ሬሞ ነው። ሬሞ ደግሞ በዚያው በጣሊያንኛ የጀልባ መቅዘፊያ ማለት እንደሆነ ባለፈው ሳምንት ከሥዕል ላይ ተምረውት ነበር።

“ቆይ፣ ቆይ” አለ ኮላ። “ለመብላትም መቅዘፊያ፣ ለማውራትም መቅዘፊያ? እኛ ተራራ ላይ ነን መምህርት! ባሕሩን እኮ የምናየው ሰማይ ሲጠራ ነው!”

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ መምህርቷም ሳቀች። ከዚያ ወዲያ የወደፊቱን ግስ “የመቅዘፊያው ግስ” እንጂ በሌላ ስም የጠራው የለም። ሳቬሪያም እቤቷ ለዶሮዎቿ ጥሬ እየበተነች ትቀዝፈው ነበር። እኔና ቬራ ማንጄሬሞ። እኔና ቬራ ፓርሌሬሞ። ዶሮዎቹ አንገታቸውን ሰበር አድርገው ያዩዋታል።

ሰኔ ላይ ትምህርቱ ሲዘጋ መምህርት ኢዳ እጇን ይዛ፣ “እማማ ሳቬሪያ፣ እርስዎ እኮ ጆሮዎ ተከፍቷል። አፍዎ ገና ይንተባተባል እንጂ ከእንግዲህ የሚያመልጥዎት ነገር የለም” አለቻት። ሳቬሪያ ያን ምሽት እንደ ልጃገረድ እየዘለለች ገባች። ያ ጆሮ የሚያመጣባትን ብታውቅማ ኖሮ!

በነሐሴ መጡ። ብሩኖ ከአውቶቡሱ ወርዶ እንደ ወጉ እጇን ሳመ። ከስቷል። ፒዬራ ረጅም፣ ነጭ፣ አሳቢ ሴት ናት፤ ከክርስትናው ቀን ጀምሮ አማቷን እንዴት እንደምትይዝ ጨንቋት እንደኖረ ፊቷ ላይ ይታያል። ቬራ ግን ምንም አልጨነቃት። ዘላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመችና በጣሊያንኛ “አያቴ፣ አንቺ ያ ፎቶው ላይ ያለሽው ነሽ?” አለቻት። በፔትራሮሳ ልጅ እናቱን እንኳ እርስዎ ነው የሚለው። ሳቬሪያ ግን ያቺ “አንቺ” እንደ ማር ጣፈጠቻት። አዎ እኔ ነኝ ለማለት አፏ ተከፍቶ ነበር፤ ዋጠችው። አሁን አይደለም አለች በልቧ። ማዕድ ላይ፣ ሁሉም ተቀምጠው፣ የቬራን ሳህን እየሞላሁ ነው የምናገረው። ምን እንደምትልም ቃል በቃል አዘጋጅታለች፤ አብረዋት የተማሩትንም ለብሩኖ እንዳይነግሩባት አስምላቸዋለች።

ራት ሲደርስ ጀርባዋን ሰጥታ ምድጃው ላይ ምግብ ታወጣለች። ቬራ ደጅ ድመቷን ትጎትታለች። ባልና ሚስቱ ገበታው ላይ ናቸው፤ ድምፃቸውን ዝቅ እንኳ አላደረጉም።

“መቼ ነው የምትነግራት?” አለች ፒዬራ በጣሊያንኛ።

“ተይኝ እስኪ።”

“ብሩኖ፣ መንገር አለብህ።”

“በጥቅምት እንሄዳለን ብዬ? አውስትራሊያ ቶሪኖ አይደለም፣ በባቡር አይመጣ። አንመለስም እኮ ፒዬራ። ይህን ፊቷን እያየሁ አንመለስም ልበላት? ካለቀሰች እግሬ አይነሳልኝም፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ እቀራለሁ። እዚያ ስደርስ እጽፍላታለሁ።”

“እዚሁ አጠገቧ ሆነን እንዲህ እያወራን…”

“አይገባትም።”

መጀመሪያ የመጣላት ደስታ ነበር። ገባኝ! አለች በሆዷ፤ አንድም ሳይቀር ገባኝ! ፓርቲሬሞ። ቶርኔሬሞ፣ ወደፊት እንመለሳለን፤ ከፊቱ ደግሞ ነገሩን አሉታ የምታደርገዋ አጭር ቃል። መቅዘፊያው፣ አዎ፣ መቅዘፊያው ነው! ልቧ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ላይ አወጣ። ትርጉሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሲመጣ ጭልፋው ከእጇ ሊወድቅ ሲል በሁለት እጇ ያዘችው።

ዞረች። ሳህኑን አቀረበች። ብሩኖ ቀና ብሎ በመንደሩ ንግግር “እማ፣ ምነው ሳህኑን ጣል አደረጉት?” አላት።

“ትኩስ ነው” አለች።

ተቀምጣም በላች። ያዘጋጀችውን አንዱንም አልተናገረችም።

በማግስቱ ቪታ የልብስ ማጠቢያው ምንጭ ላይ ጠበቀቻት። “እህ? አስደነገጥሻቸው?”

“አልተናገርኩም።”

“ምን ሆነሽ? ምላስሽን ድመት ወሰደው?”

ሳቬሪያ ልብሱን እያሸች ሁሉንም ነገረቻት። ቪታ የያዘችውን ሳሙና ወረወረችው።

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ደፍ ላይ ተኝተሽ ረግጠኸኝ እለፍ በይው! ፀጉርሽን ንጪ! ካለቀሰች እቀራለሁ ያለው ራሱ አይደለም እንዴ?”

“ስላለው እኮ ነው የማላለቅሰው።”

“እብድ!”

“ስሚኝ አበልጄ። ቶሪኖ ላይ ‘ለደቡብ ሰው ቤት አናከራይም’ ብለው በር ላይ ይለጥፋሉ አሉ። ልጄ ከነልጁ ጣሪያ ሥር ባለች ቀዳዳ ነው የሚኖረው። ገላው ሲያልቅ አላየሽውም? አውስትራሊያ ሥራም ቤትም አለ ብለውት ነው። አልቅሼ ባስቀረው ምን ላበላው ነው? ወይራ? ከዚያስ ባየኝ ቁጥር አስቀረችኝ እያለ ይኑር?”

ቪታ የወረወረችውን ሳሙና አነሳች። ቆይታ “ልጅቷስ?” አለች። “ያን ሁሉ ጭስ የጠጣሽው ለእሷ አልነበር?”

ሳቬሪያ ልብሱን ጠመዘዘች። ነገሩ ግልጽ ነበር። ለቬራ አንዲት የጣሊያንኛ ቃል ብትተነፍስ ብሩኖ ይሰማል፤ ከሰማ ያን ማታ ምድጃው ሥር ሆና የሰማችውን ሁሉ ያውቃል። ያኔ ወይ ይቀራል፣ ወይ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። እሱ ላያሳዝናት ዋሽቷል፤ እሷም ላታስቀረው መዋሸት አለባት። ከሁለቱ ውሸት መሀል የቀረችው ልጅቷ ናት።

ብሩኖ እነዚያን ቀናት አንድም ሰዓት አልተቀመጠም። የጣሪያውን ሸክላ ቀየረ፤ ዓመታት ሲጮህ የኖረውን የበሩን ማጠፊያ ዘይት ቀባ፤ የጉድጓዱን አፍ ሠራ። ለበዓል የመጣ ሰው እንዲህ አይሠራም። ጎረቤቱ ምን ያለ ልጅ ወለድሽ ይላታል፤ እሷም ተመስገን ትላለች።

ቬራ ደግሞ አያቷን ሙጭጭ አለቻት። ስትሄድ ትከተላለች፣ ስትቀመጥ ጭኗ ላይ ናት፤ በጣሊያንኛም ያለማቋረጥ ታወራታለች። ሳቬሪያ በመንደሩ ንግግር ትመልሳለች። ልጅቷ ትስቃለች፣ እሷም ትስቃለች። ስንት ነገር ተባለ በዚያ ሳቅ ሥር! ድመቷ ስሟ ማን ነው? አባቴ ልጅ ሆኖ ሞኝ ነበር? ሁሉም ገብቷታል፣ ለሁሉም መልስ አላት፤ የምትሰጣት ግን ልጅቷ የማይገባትን ነው።

የበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ዶሮዎቹ ጋ ነበሩ። ብሩኖ ከአጥሩ በስተጀርባ ግንቡን ይደፍናል፤ የግንበኛ ማንኪያው ድንጋይ ላይ ሲፋቅ ይሰማል። ቬራ እንቁላሎቹን ቀሚሷ ውስጥ እየሰበሰበች ድንገት ወደ አያቷ ጠጋ አለች።

“አያቴ፣ አንቺ ስለማይገባሽ አንድ ነገር ልንገርሽ?” አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋን ቀንሳ። “ለማንም አልተናገርኩም። በመርከብ ልንሄድ ነው። እኔ መሄድ አልፈልግም። እናቴ እዚያ ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገሩት አለች። ልጆቹ ቢስቁብኝስ? ብጠፋ ቤቴ የት እንደሆነ በምን እነግራቸዋለሁ? ማንም ምን እንዳልኩ አያውቅም። ወንበር ላይ ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው።”

ከፔትራሮሳ ሰው ሁሉ ይህን የምታውቅ አንዲት ሴት ብትኖር እሷ ናት። የምትላትም ነገር በጣሊያንኛ ተደርድሮ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አትፍሪ። መጀመሪያ ጫጫታ ነው። ከዚያ አንድ ቃል ትይዢያለሽ፣ ያቺን አትልቀቂያት፣ ሌላዋ ራሷ ትመጣለች። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ችያለሁ፤ አንቺ ደግሞ ስሜን ይዘሻል። ይኸው ነበር። ይህን ለመናገር ነው ለካ ብርዱን ሙሉ የተማረችው፤ ለሌላ ለምንም አልነበረም።

አፏን ከፈተች። ከአጥሩ በስተጀርባ የማንኪያው ድምፅ ቆመ፤ ብሩኖ ላቡን ሊጠርግ ይሆናል፣ ሊያዳምጥ ይሆናል።

“እንቁላል ልጥበስልሽ?” አለቻት፣ በመንደሩ ንግግር።

ቬራ አየቻት። ከዚያ የአያቷን እጅ መታ መታ አድርጋ፣ እንደ ትልቅ ሰው፣ “ግድ የለም አያቴ፣ አይዞሽ። ባይገባሽ ምንም አይደለም” አለቻት። እንቁላሎቹን ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። ሳቬሪያ ዶሮዎቹ መሀል ቁጭ አለች። ብሩኖ መጥቶ ምን ሆኑ እማ ቢላት ወገቤን ነው አለችው፤ የታመመው ግን ወገቧ አልነበረም።

ከበዓሉ በኋላ አውቶቡሱ ላይ ሸኘቻቸው። “ለከርሞ እንመጣለን እማ” አላት ብሩኖ በመንደሩ ንግግር፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። “ለከርሞ ልጄ” አለችው። ፒዬራ አቅፋት ልትለቃት አልቻለችም፤ ለቅሶዋም በረከተ። ሳቬሪያ ጀርባዋን እያሻሸች አጽናናቻት፤ የምታጽናናበትን ምክንያት የማታውቅ መስላ።

ደብዳቤው በኅዳር መጣ። ሳቬሪያ እራሷ አነበበችው፤ ወሬው ብሩኖ ጋ እንዳይደርስ ግን ሰው ፊት ለቄሱ ሰጥታ እንደ አዲስ ሰማች። ከዚያም መጻፍ ጀመረች። ድሮም ደብዳቤ የምታስጽፈው በሰው እጅ ስለነበር ብሩኖ ጽሕፈቱ የእሷ ይሆናል ብሎ አልጠረጠረም። ለቬራ ስለ ድመቷ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ኮላ ቀልድ ጻፈችላት። ዶሮዎቹ ጋ የተባለውን ግን አልጻፈችም፤ ደብዳቤውን ለልጅቷ የሚያነብላት ብሩኖ ነዋ! ያን በአፏ ነው የምትነግራት። አንድ ቀን ይመጡ ይሆናል፣ አንድ ቀን ስልክ ይደውሉ ይሆናል። ለዚያ ቀን ስትል ማታ ማታ መማሯን አልተወችም። መምህርት ኢዳ ተቀይራ ሄደች፣ ሌላ መጣ፣ እሱም ሄደ። ከብሩኖ የሚመጣው መልስ ሁሌ አንድ ነው፦ ቬራ ደብዳቤዎን ስትሰማ ደስ አላት፣ ትስምዎታለች።

ቬራ አሥራ ስድስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ የፖስታ ቤቱ ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአውስትራሊያ ስልክ ይደወልልሻል ብሎ አስታወቃት። መንደሩ ውስጥ ስልክ ያለው ትምባሆ ሻጩ ሱቅ ብቻ ነበር። ሳቬሪያ ጥቁር የክት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ከቪታ ጋር ሄደች። ያን ሌሊት ቃላቱን አንድ በአንድ ስትደረድር አላንቀላፋችም። ከእንግዲህ ብሩኖ ቢሰማስ? ሄዷል፣ ቤት ሠርቷል፣ የሚያስቀረው ነገር የለም። ጊዜው ደርሷል።

ስልኩ ጮኸ። ብሩኖ ነበር። ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ነው። ጤናዎ እንዴት ነው፣ ወይራው እንዴት ነው፣ ተባባሉ። ከዚያ “እማ፣ ቬራ ሰላም ልትልዎት ነው” አለ።

“ኖና?” አለ አንድ ድምፅ፤ በጣሊያንኛ አያቴ ማለቱ ነው። ያደገ፣ የሴት ድምፅ።

ሳቬሪያ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው። ሱቁ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ረሳች። በጣሊያንኛ፣ ሳትንተባተብ፣ ተናገረች፦

“ቬራዬ፣ ያን ጊዜ ዶሮዎቹ ጋ የነገርሽኝ ሁሉ ገብቶኛል። መርከቡን፣ ልጆቹን፣ መጥፋቱን፣ ሁሉንም። ጣሊያንኛ ተምሬ ነበር፤ ላንቺ ብዬ ነው የተማርኩት። ያልመለስኩልሽ አባትሽ እንዳይሰማ ነው። ብቻሽን ትቼሻለሁና ይቅር በይኝ። አትፍሪ ልልሽ ነበር።”

መስመሩ ሽው ሽው አለ። ከዚያ የልጅቷ ድምፅ መጣ፤ ፈጣን፣ ያፈረ፣ ሳቅ ያለበት። ከተናገረችው ውስጥ አንዲት የምታውቃት ቃል ብቅ ትል እንደሆነ ሳቬሪያ ጆሮዋን ተክላ አዳመጠች። ጫጫታ ነበር። ጫጫታ ብቻ። ራቅ ብሎ ልጅቷ አባቷን ስትጠራ ተሰማ፤ ሁለቱ በዚያ ቋንቋ ተነጋገሩ።

“እማ፣ ይቅርታ” አለ ብሩኖ ተመልሶ፣ በመንደሩ ንግግር። “እዚህ ትምህርት ቤት እንደገባች አስተማሪዎቹ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት፣ አለዚያ ወደ ኋላ ትቀራለች አሉን። ነይ፣ ብዪ፣ ተኚ ከመሳሰሉት ጥቂት ቃላት በቀር ጣሊያንኛው እንኳ ጠፍቶባታል። አልነገርኩዎትም፤ እንዳያዝኑ ብዬ… ምን አሏት? ለእኔ ይንገሩኝና እኔ እነግርልዎታለሁ።”

“ስለ ዶሮ ነገር አለችኝ ትላለች። ደግሞ በጣሊያንኛ ነበር ትላለች…” ብሩኖ ቆመ። እንደገና ሲናገር በጣሊያንኛ ነበር፤ ዕድሜ ልኩን ለእናቱ ተናግሮበት በማያውቀው በጣሊያንኛ፣ እንደ ሰሜኖቹ ልጆች አንቺ እያለ። “እማዬ፣ ይሄ የምለው ይገባሻል?”

“ይገባኛል” አለች፣ በዚያው በጣሊያንኛ።

“ያን ጊዜም? ራት ላይ?”

“ያን ጊዜም።”

ከባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ተሰማት። “ብታለቅሺ ኖሮ” አለ፣ “አንዴ ብቻ ብታለቅሺ አልሄድም ነበር።”

“አውቃለሁ” አለችው።

መስመሩ ተቆረጠ። ትምባሆ ሻጩ መጥቶ ስልኩን ከእጇ እስኪወስድላት ድረስ እንደያዘችው ነበር። ቪታ ክንዷን ደግፋ ወደ ደጅ አወጣቻት፤ ጥቂትም እንደሄዱ አላስችል ብሏት “ልጅቷስ?” አለች። “ልጅቷ ምን አለችሽ?”

ሳቬሪያ ቆመች። አሥር ዓመት የያዘችው እንባ ያኔ መጣ።

“አልገባኝም” አለች።